ጭነት የማይነካት ፒክአፕ

ውይ፣ እትዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ? ይግቡ ይግቡ፣ በሩ ክፍት ነው። እንዴት ዋሉ? ጉልበትዎስ፣ ተሻለዎት? እኔማ ከትናንት ጀምሮ ስለ ጉልበት ሳስብ ነው የዋልኩት… ይህን ያህል ጉልበት እንዳለኝ ማን ያውቅ ነበር!

ቀስ ብለው ይለፉ፣ ስፖንጁ እንዳያደናቅፍዎ። ኧረ እዚያኛው ላይ አይቀመጡ፣ ሚስማሩ ብቅ ብሏል። ያኛውም የትምህርት ቤቱ ነው። አዎ፣ ይሄ ሁሉ ተደራርቦ የሚያዩት ጠረጴዛ የትምህርት ቤቱ ነው፤ መሄጃውን እየጠበቀ ነው። ይኸውልዎ፣ ሶፋው ላይ አረፍ ይበሉ። ጨርቁን ገና ዛሬ ጠዋት ነው የወጠርኩት፣ መርቀው ይቀመጡበት። ሻይ ልቅዳልዎ።

ወንድምዎ? አለ እንጂ፣ የት ይሄዳል? ከዚች ክፍሉን ከከፈለችው ከኮምፔርሳቶዋ ጀርባ ነው። መላጊያው አይሰማዎትም? ሽው… ሽው… ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ጣውላ ይልጋል። እስካሁን ወረቀት ሆናለች መሰለኝ። ምን እየሠራህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ከትናንት ወዲህ እምብዛም አንነጋገርም። ኧረ አልተጣላንም! ምን ያጣላናል? እሱም ሥራ በዝቶበት፣ እኔም ዝምታ አምሮኝ ነው። አይጥሩት፣ ይሥራ። ሥራ የሚወድ ባል የሰጠኝን ፈጣሪ አመሰግናለሁ።

እ? ለመኪናዋ ነው የመጡት? እንኳን አብሮ ደስ ያለን! ደግ አደረጉ። በር ላይ አዩዋት አይደል? አዎ፣ ያቺ ተሸፋፍና የቆመችው። አበባ አበባ ያለበት ጨርቅ የለበሰችው። የሶፋ ጨርቅ ነው፣ ለአንድ ደንበኛ ያመጣሁት ነበር… ይሁን፣ እሷ ትልበሰው። ስለኛ መኪና እኔ አንዲት ቃል አልተነፍስም። ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ገልጦ ያሳይዎታል። እኔ ምኑን አውቄው? እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው።

ይልቅ ሻይዎ እስኪበርድ ስለ ሌላ ሰው መኪና ላጫውትዎ። አንድ ሰውዬ አለ። አያውቁትም። የት ያውቁታል? ሩቅ ነው ሰፈሩ።

ይህ ሰውዬ፣ እትዬ፣ እጁ ወርቅ ነው። አናጢ ነው። ምነው ደነገጡ? አናጢ በዝቷል እኮ በዚህ ዘመን። ሚስትም አለችው፣ ሶፋ ታለብሳለች። እሷም ብትሆን አንድ ለእናቷ አይደለችም፤ ሶፋ የሚያለብስ ስንቱ ነው! እና ሁለቱ ተጋግዘው ሲሠሩ ሲሠሩ ስማቸው ተሰማና ዳገቱ አናት ላይ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ጠረጴዛና ወንበር አዘዛቸው። ትልቅ ሥራ ነው። ይህን በጊዜው ካስረከቡ የሚቀጥለው ዓመትም የእነሱ ነው፤ ካላስረከቡ ደግሞ ስማቸውን ይዘው ቤታቸው መቀመጥ ነው። ዲሬክተሯ ቆፍጣና ሴት ናት፤ «ትምህርት የሚጀመር ዕለት አንድ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ባይ ሌላ አናጢ እጠራለሁ» ብላ አስጠንቅቃለች።

ስለዚህ «ያገለገለች ፒክአፕ እንግዛ» ተባለ። ለምን? ጠረጴዛ ለመጫን። ይቺን ነገር ይያዙልኝ፣ እትዬ። ሰውዬውም ይቺ ነገር ጠፍታበት ነው ይሄ ሁሉ የመጣው።

መኪና ወደሚሸጥበት ግቢ ባልና ሚስት ሄዱ። ሁለት ፒክአፖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛዋ ባለ አንድ ጋቢና ናት። ድሮ ነጭ ነበረች አሉ፤ አሁን ቀለሟን የሚያውቅላት የለም። ወንበሯ ጨርቅ፣ መስኮቷ በእጅ የሚዞር፣ የጭነት ቦታዋ ግን የሠርግ አዳራሽ! ማርሿ አውቶማቲክ። ሌላዋ ጥቁር፣ ቢያዩባት ፊትዎን የምታሳይ፣ ደብል ጋቢና፣ ፉል ኦፕሽን። ወንበሯ ቆዳ ነው፣ ደግሞም ይሞቃል። ጣሪያዋ ይከፈታል። ኋላዋን በካሜራ ታሳያለች። ይሄ ሁሉ ጌጥ ቦታ ፈጅቶባት ለጭነት የቀረላት… የሕፃን አልጋ ያውቃሉ? እሱን ታክላለች። ማርሿም ማኑዋል ነው።

እንግዲህ ሰውዬው መንዳት የተማረው በአውቶማቲክ ነው። ታዲያ የቷን ቢገዛ ይሻላል? አዩ፣ እርስዎም እንደኔው ነው የሚያስቡት። እኛ ተራ ሰዎች ነና! እሱ ግን አርቆ ያስባል።

«ፉል ኦፕሽን ካልሆነ እንዳትገዛ» ብላ የመከረችው ደግሞ ታላቅ እህት አለችው አሉ። «የእኛ ቤት ልጅ መናኛ መኪና ላይ ሲታይ አልወድም» አለች ተባለ። አይ፣ እሷንም አላውቃትም። ለወንድሟ አሳቢ መሆን አለባት። ስኳር ልጨምርልዎ?

ሚስትየዋ መቼም አርፋ አትቀመጥ፣ ማንም ሳይጠይቃት «ነጯ አትሻልም ወይ? ጠረጴዛው በደንብ ይገባል፣ አንተም ለምደኸዋል» አለችው። እሱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እና ግራ እግሬ ሥራ ፈቶ ይቀመጥ?» እውነቱን ነው እኮ! አውቶማቲክ ላይ ግራ እግር ምን ይሠራል? እንዲህ ለገዛ እግሩ ሥራ የሚያፈላልግ ሰው የት ይገኛል?

ደላላው ይቺን ሰማና ነገሩን አጣፈጠው። «ልክ ነህ ጌታዬ፣ አውቶማቲክማ የሴት ነው!» አለ። ሰውዬው ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። አያትና ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ናት፣ ሌላ ሰው ልብም አይላት። ነገር ግን እትዬ፣ ያቺ ሴት የከባድ መኪና ሾፌር ልጅ ናት። ጋቢና ውስጥ ነው ያደገችው። እግሯ ፍሪሲዮን ላይ መድረስ ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ግቢ ውስጥ የአባቷን መኪና እያስነሳች ታዞርለት ነበር። ይሄን ደላላው አያውቅም። ባሏ ግን ያውቃል። ያውቃልና ነው የሳቀው። እውነት ለመናገር እሷንም ጠይቋታል፣ አልዋሽም፤ «የወንበሩ ቀለም ደስ ይላል አይደል?» ብሎ ጠይቋታል።

በጣም ነው የከፋት ያን ቀን። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው ቤቷ የገባችው፤ እሱ ግን አዲሱ መስኮት ያስደሰታት መሰለው። መኪናዋን ማን ነዳት ይሉኛል? ደላላው ነዋ! ሰውዬው ከኋላ እንደ ሹም ተደላድሎ ተቀመጠ። «ከኋላ ሆኜ ድምጿን ላዳምጥ» ነው ያለው።

…ሰሙ? መላጊያው ዝም አለ። ምላጩን እየሳለ ይሆናል። ይተዉት፣ ይሳለው።

ከዚያ በኋላ ራሱ መንዳት ጀመረ። ይነዳል እኮ፣ ምን ነካዎ! አንደኛ ማርሽ እንደ ልቡ ነው። ሁለተኛም መንገዱ ከሰው ሲጸዳ ይሞክራታል። ከሦስተኛ ጀምሮ ያሉትን ግን አልነካቸውም። ቆጣቢ ነው። ሌላው ሰው ያገኘውን ማርሽ ሁሉ እያገላበጠ ይጨርሳል፤ እሱ ለልጅ ልጅ ያስቀምጣል። አንድ ቀን ሲሸጣት «ከሦስተኛ በላይ እኔ ዘንድ አልተነካም» ቢል ማን ይከራከረዋል?

ያ ግራ እግሩ ደግሞ ሥራ ካገኘ ወዲህ ማን ያስቁመው! ፍሪሲዮኑ ላይ እንደ ወጣ አይወርድም። ሽታውን ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል። ጎረቤታቸው የሆነች አንዲት ሴት በመጀመሪያው ሰሞን ምድጃዋን ለማየት እየሮጠች ትገባ ነበር፤ አሁን ግን አፍንጫዋን ያዝ አድርጋ «ባልሽ መጣ» ትላለች።

ፉል ኦፕሽኑስ? እሱንም እንደ እጁ ነው ያደረገው። የሚሞቀው ወንበር ሞቆ ሞቆ አልጠፋ አለ። ማጥፊያው የት እንደሆነ ሰው መጠየቅ ደግሞ… ለምን ይጠይቃል? አናጢ አይደለም? ጣውላ ልጎ ወንበሩ ላይ አነጠፈ። አሁን ቆዳ የለበሰ ወንበር ላይ፣ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳው። ጣሪያው ተከፍቶ አልዘጋ አለ፤ የእንጨት ክዳን ሠራለት፣ ከነማጠፊያው፣ ከነመቀርቀሪያው። ጣሪያዋ ላይ መቀርቀሪያ ያለው ሌላ መኪና አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም።

ደግሞ መኪናዋ ታወራለች። ከውጭ አገልግላ ነው የመጣችው፣ ውስጧ ያለችው ሴት በማይታወቅ ቋንቋ ነው የምትናገረው። ሰውዬው በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ትለዋለች። ኧረ ሲያዩት፣ እየለመነችው ነው የሚመስለው። ምናልባት «ኧረ ፍሪሲዮኔን ልቀቀው» እያለችው ይሆናል። እሱም ትሕትናው ብዛቱ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» ይላታል። «እሺ እመቤት።» ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ይህን ትሰማለች። ይሄን ሁሉ ዓመት አብራው ኖራ ከዚያ አፍ ውስጥ እሺ የሚባል ቃል እንዳለ አታውቅም ነበር።

ይሄ ሁሉ ግን ጨዋታ ነው። ዋናው ሳጥኑ ነው።

ፒክአፗ የተገዛችው ለምን ነበር? ይያዙልኝ ብዬዎት አልነበር? ለጠረጴዛ። ሰውዬው የጭነት ቦታዋን ሲያያት እንደ መስታወት ታበራለች። አሳዘነችው። «ጠረጴዛው እግሩ ይጭራታል» አለ። እንዳይጭራት ውስጧን በጣውላ ለበጣት። እሺ፣ ይሄ ልክ ነው፣ አናጢ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ጣውላውን ሲለብጥ ግን የእጁ ነገር አያስችለውም፤ ማዕዘኑን አጋጠመ፣ ላገ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ ቨርኒሽ ደረበበት። አሁን እንዳይጫር የሚፈራለት ማን ሆነ? መኪናዋ ሳትሆን ጣውላው! ጣውላው እንዳይጫር ደግሞ ሚስቱን «ስፖንጅ አድርገሽ በጨርቅ አልብሺልኝ» አላት። አለበሰችለት። ምን ታድርግ? ያን ሁሉ አድርጎ ሲጨርስ ዳር ዳሩ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ውስጡ የለሰለሰ፣ ቆንጆ ሳጥን ሆነ። ንጉሥ ቢቀበርበት አያፍርም። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ሲመጣ… አልገባም።

ጠረጴዛውን የለካው ሳጥኑን ከመሥራቱ በፊት ነዋ!

በቁመት ሞከሩት። በአግድም ሞከሩት። እግሩን ወደ ሰማይ አንጋለው ሞከሩት። ሌላ ሰው ቢሆን ሳጥኑን ይነቅላል አይደል? እሱ ግን ቆሞ ሳጥኑን አየው፣ ሳጥኑም አየው። ከዚያ መጋዙን አነሳና «ጠረጴዛውን ማሳጠር ይሻላል» አለ። ጠረጴዛውን! ልጆቹ ጉልበታቸውን የት አባታቸው ያድርጉት? ሚስቱ በስንት ልመና መጋዙን ከእጁ ተቀበለችው።

በመጨረሻ ሁለት ባለጋሪዎች ተጠሩና ጠረጴዛው በጋሪ ተጫነ። ፒክአፗስ? ፒክአፗማ ታጅባለች። «ዕቃ ያለ ጠባቂ አይላክም» አለ ሰውዬው። ጋሪዎቹ ጠረጴዛ ተሸክመው ከፊት፣ እሷ ባዶዋን፣ መብራቷን ብልጭ ድርግም እያደረገች በአንደኛ ማርሽ ከኋላ። ሚስትየዋ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ወንበሩ እየፈጃት፣ ዓይኗን ጉልበቷ ላይ ተክላ። ሰዉ ዳር ዳሩን ቆሞ ያያል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጥቁር መኪና፣ ሳጥን፣ ቀስ ያለ ጉዞ… ምን ይሉ ታዲያ? «ነፍስ ይማር» አሉ። ሰውዬውም አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናቸው።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ዳገቱ ሥር ደረሱ። ጋሪዎቹ ወጡ። ፒክአፗ ጠፋች። ያስነሳታል፣ ትጠፋለች። ያስነሳታል፣ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ባለጋሪዎቹ ከላይ ሆነው አይተው አንጀታቸው አልቻለም፤ ጋሪያቸው ጎማ ሥር ድንጋይ ሸጉጠው ወርደው ይገፉ ጀመር። ሚስቱም ጫማዋን አውልቃ ተጨመረች። ቀሚሷ ለዲሬክተሯ ብላ የለበሰችው ነበር፣ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ይገፋሉ፣ ይገፋሉ፣ ንቅንቅ የለም። ኧረ እንዲያውም መልሳ ትገፋቸዋለች! ሰውዬው በመስኮት ብቅ አለ። «አይዞሽ፣ በርቺ! በካሜራው ጥርት ብለሽ ትታዪኛለሽ! ላብሽ ሳይቀር!» አላት።

ሚስትየዋ መግፋቷን ተወች። እትዬ፣ ያ ካሜራ የሚበራው መቼ እንደሆነ ያውቃሉ? የኋላ ማርሽ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ብቻ። ሰዎቹ ዳገት ሊያወጡት ነፍሳቸው ይወጣል፣ እሱ ቁልቁል እየነዳ ነው!

ያቺ ሴት ግን ጨዋ ናት። በሰው ፊት ባሏን አላዋረደችም። ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ሄዳ በጆሮው «ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ ላውጣት» አለችው። ባለጋሪዎቹ እንኳ አልሰሙም። እሱ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርጎ ምን አላት? «አንቺ ዝም ብለሽ ግፊ!»

…እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ፣ እትዬ። ሻይዋ ትን አለችኝ።

እሷም እጇን በመስኮት አስገብታ ማርሹን ከኋላ አወጣችው፣ ተመልሳ ገፋች። ወጣ። ዳገቱን ገፍታ አወጣችው። ስትገፋ ያለቀሰችው ግን ስለ ዳገቱ አይደለም። ደላላ ያቃለላትን ሴት ባሏ ሲጨምርባት… እሱ ነው ያንገበገባት። ይሄንንም በካሜራው አይቶት ይሆናል እንዳይሉኝ፣ ያን ጊዜ ካሜራው ጠፍቷል።

ዲሬክተሯ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ሁለት ጋሪ ጠረጴዛና አንዲት በሰው የምትገፋ መኪና ይመጡላታል። መኪናዋም የታዘዘ ዕቃ መሰለቻት። ዞራ ዞራ አየቻትና «ይቺን አላዘዝንም፤ ሳጥኗ ግን ቆንጆ ናት፣ ለመጻሕፍት ትሆነን ነበር» አለች። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ትምህርት ከነገ ወዲያ ነው የሚጀመረው… » አይ፣ እነሱ ዘንድ ማለቴ ነው… «ጋሪ አልቆጥርም፣ የቀረው ጠረጴዛ ነገ ሳይመሽ ይግባ፤ ካልገባ እዚያው ይቅር» አለቻቸው።

ባለጋሪዎቹ ዛሬ ጠዋት ቢጠሩ እምቢ አሉ። «ጋሪ እንጎትታለን፤ መኪና መግፋት ሌላ ሙያ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። አሁን የቀረው ጠረጴዛ እንዲህ ተደራርቦ ተቀምጧል። ማለቴ፣ እዚያ ቤት። እዚህ ያለው ሌላ ነው። ሚስትየዋ መኪናዋን ነድታ ዳገቱን ማውጣት ትችላለች። ቁልፉ ግን በኪሱ ነው። ምሳም ሲበላ በኪሱ ነው። ይለመናል እንጂ አይሰጥም፤ እሷ ደግሞ አንዴ ለምናለች፣ መልሱንም ሰምታለች። ስለዚህ እሱ ጣውላውን እየላገ፣ እሷ ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ሆና… ከግድግዳው ወዲህ። የእነሱ ቤት ግድግዳ ነው ያለው። ያ ሁሉ ዓመት የደከሙበት ስም ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አብሮ ሊጠልቅ ነው። እና አንዳንዴ ሳስበው፣ እትዬ፣ ያ ሰውዬ ምን ቢያደርግ ይቀልለው ነበር? እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ እንዲያው ሻይዎ እስኪበርድ ነው…

ውይ! ምን ወደቀ? አልመታዎትም? ቆይ፣ ስፖንጁ ላይ ነው ያረፈው። እስቲ ልየው… ቁልፍ! ይገርማል። በዚህ ዘመን ቁልፍ ከሰማይ ይዘንባል እንዴ? ከኮምፔርሳቶው በላይ ነው የመጣው እንዳልል ማን ይወረውረዋል? የሚሠራ ሰው ነው ያለው።

ደግሞ ያ ምንድነው? ከበር በኩል… ይሰማዎታል? ሚስማር ሲነቀል ነው። ቨርኒሽ የጠጣ ጣውላ ሲነቀል ድምፁ ሌላ ነው፣ ሰው ሰው ይላል። ምስኪን። ዓይኔን በጨርቁ ልጥረገው፣ ስፖንጅ ገባበት መሰለኝ። ይነሱ እትዬ፣ ሻይዋን ይተዉአት፣ በርዳለች። መኪናዋን ሊያዩ አልነበር የመጡት? ይምጡ፣ ላሳይዎት።

…

ቀስ ብለው ወደ ጋቢናው ይውጡ፣ ጉልበትዎን። ጣውላዋን ልግፋልዎ። አይ፣ ወንበሩ አይሞቅም፣ ማጥፊያው ይኸው ከጎኑ ነበር። በሩን ሳብ ያድርጉት። ከኋላ ጠረጴዛዎቹን ደግፎ የቆመው? እኔ እንጃ። የቀን ሠራተኛ ይሆናል። ጎበዝ ነው ግን፣ ብቻውን ነው የደረደራቸው፤ አንዱ አንዱን ሳይነካ። እጁ የአናጢ እጅ ይመስላል።

በሉ እንግዲህ። አንደኛ… ሁለተኛ… ይስሙልኝ አሁን… ሦስተኛ! ሰሙ እንዴት እንደተነፈሰች? አይዞሽ የኔ እናት፣ እንኳን ለዚህ በቃሽ። ያቺም የምታወራው ሴት ይኸው ዝም አለች። ለካ የምትፈልገው ሌላ ነገር አልነበረም።

እዚያ ባርኔጣ ያደረጉት ሽማግሌ እጃቸውን እያወዛወዙልን ነው። ትናንት የቀበሩት ሰው ተነስቶ ከኋላ ቆሞ ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን?

ዳገቱ ይኸው። ይያዙ እትዬ… ማርሹን ወደ ሁለተኛ ልመልሰው… ወጣ… ወጣ… ይኸው ወጣን! ዲሬክተሯም በሩ ላይ ናት። ሳቀች! እሷም መሳቅ ትችላለች ለካ። ገና ፀሐይዋም አልጠለቀች፤ የቀረውን በሁለተኛው ዙር እናመጣዋለን።

ከመውረዳችን በፊት ያንን ሰውዬ አንመርቀውም? ስሙን ሳነሳሳ ነው የዋልኩት፣ ኃጢአት ይሆንብኛል። ይቺን የጣሪያ ክዳን ልክፈታት፣ ነፋስ ይግባልን… ድምፅም ይውጣልን። መቀርቀሪያዋ እንዴት ታምራለች! እጁን ይባርክለት፣ አቤት እጅ። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ሦስተኛውንም አራተኛውንም ማርሽ ለማየት ያብቃው። ቤቱን ሙቅ ያድርግለት፣ እንደ ወንበሩ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ፈጣሪ ሰው አያሳጣው። በሜዳውም በዳገቱም፣ ሲገፉት ወደ ኋላ እየነዳባቸው እንኳ፣ ጫማዋን አውልቃ የምትገፋው ሰው አያሳጣው።